ሹፌሩን ብቻ የሚያይ የካሳ አሠራር

በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ አደጋ የካሳ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ተጀምሮ በዚያው ያበቃል፦ ጥፋተኛው የትኛው ሹፌር ነው? ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ያነሣል፣ መድን ድርጅቱ ገማች ይልካል፣ ጋራዦች ፕሮፎርማ ያቀርባሉ፣ ተጎጂው ሰነድ ይፈርማል፤ ፋይሉ ይዘጋል። ሹፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ቢል ቃሉ እንደ ማምለጫ ይቆጠራል። ፍሬኑ ለምን እምቢ እንዳለ፣ የፍሬን ሸራው ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ፣ ማን እንዳስመጣው የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይህ አሠራር ተጎጂውን ያጎድላል፤ ብልሹ ዕቃ የሸጠውን ነጋዴም ያለ ጥያቄ ያሳልፋል።

ልማዱ የተመሠረተበት ሕግ በራሱ ጥሩ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል፤ በአንቀጽ 2086 መሠረት የአደጋው ምክንያት አልታወቀም ብሎ ማምለጥ አይችልም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገደደው የሦስተኛ ወገን መድንም ለተጎጂው ፈጥኖ እንዲደርስ የታሰበ ነው። ለእግረኛው ይህ ትልቅ ከለላ ስለሆነ መነካት የለበትም። ስህተቱ ከዚህ ተነሥቶ የዕቃውን ነገር መመርመር አያስፈልግም ማለት ነው። የአስገዳጁ መድን ክፍያ ጣሪያ አለው፤ እግሩን ያጣ ወጣት የሚቀርበት የዕድሜ ልክ ገቢ በዚያ አይሸፈንም። ቀሪውን ከባለንብረቱ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ከዚያች መኪና ሌላ ጥሪት የሌለው ባለንብረት ብዙ ነው። የሹፌሩ ዕጣ ደግሞ ይብሳል። የሦስተኛ ወገን መድን እሱን አይሸፍነውም፤ ሌላ መድን ከሌለው፣ በገዛ መኪናው ብልሹ ዕቃ የቆሰለ ሰው ጉዳቱን ብቻውን ይሸከማል፤ በዚያ ላይ በቸልተኝነት ሊከሰስ ይችላል።

ሕጉ ግን ሌላም በር ከፍቷል። አንቀጽ 2085 ለትርፍ ሲል ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገባብ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ኃላፊነቱ የሚቀረው ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ነው። ከሶማሌ ተራ የፍሬን ሸራ የሚገዛ ሰው ማሸጊያውን አይቶ ውስጡን ሊያውቅ አይችልምና ይህ መከላከያ ብዙ ርቀት አይወስድም። አምራቹ ባሕር ማዶ ቢሆንም አስመጪውና ሻጩ አገር ውስጥ ናቸው፤ ሻጭ በሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሚጠየቅ የሽያጭ ሕጉ ያውቃል።

«መኪናዎቹ ያረጁ ናቸው፤ እርጅናን ከፋብሪካ ጉድለት መለየት አይቻልም» የሚል መልስ ይሰጣል። ለመለየት የሚያስቸግረው ግን ዕቃው ስለሚጠፋ ነው። ጋራዡ የተሰበረውን ፈትቶ ይጥላል፣ ቁራሌው ይወስደዋል፤ መኪናው ከጥቅም ውጭ ከሆነ መድን ድርጅቱ ቅሪቱን ይሸጠዋል። ማስረጃውን ራሱ የሚያስወግድ አሠራር ማስረጃ የለም ብሎ ሊከራከር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ኦርላንዶ አንዲት ሴት ከግጭት በኋላ አንገቷ ተቆርጦ ስትሞት ፖሊስ መጀመሪያ የጠረጠረው በስለት መወጋትን ነበር። የገደላት ግን ሊያድናት የተሠራው የታካታ ኩባንያ ኤርባግ ፍንጣሪ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 በማጭበርበር ጥፋተኛነቱን አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የኤርባጉ ዕቃ ተጠብቆ ባይመረመር ኖሮ ጉዳዩ እዚህ ባልደረሰም።

መድን ድርጅቶችም ቢሆኑ ከዚህ ልማድ አያተርፉም። ሕጉ ለንብረት ጉዳት የከፈለ መድን ሰጪ በደንበኛው ቦታ ተተክቶ ጉዳት አድራሹን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፤ ይህ መብት በሌላው ሹፌር ላይ ብቻ እንዲውል የሚያስገድድ ነገር የለም። በአስመጪዎች ላይ ቢውል ብልሹ ዕቃ ማስገባት አክሳሪ ይሆን ነበር።

ስለዚህ የቴክኒክ ብልሽት በተጠረጠረበት አደጋ ሁሉ የተሰበረው ዕቃ ተፈትቶ፣ ፎቶ ተነሥቶና ታሽጎ ከነግዢ ደረሰኙ መቀመጥ አለበት፤ ከመድን ድርጅቱና ከሻጩ ጋር ግንኙነት በሌለው ገለልተኛ ባለሙያ መመርመርም ይኖርበታል። ተጎጂውም «ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም» በሚል ሰነድ ላይ ከመፈረሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።