የሚዛን ቁጥር ሲዋዥቅ

ክብደት ለመቀነስ ቆርጠው የተነሡ እናቶች ብዙውን ጊዜ ሐሳባቸውን የሚተዉት ረኃብ ስለ ጠናባቸው አይደለም፤ በሚዛን ምክንያት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንጀራውን ቀንሰው፣ የሻዩን ስኳር ትተው፣ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያለውን መንገድ በእግራቸው ሲመላለሱ ሰንብተው ሚዛን ላይ ሲወጡ ቁጥሩ ካለፈው ሳምንት በአንድ ኪሎ ጨምሮ ያገኙታል። «እኔ እኮ ውኃ ብጠጣም እወፍራለሁ» ይሉና በዚያው ዕለት ነገሩን ሁሉ ይተዉታል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለበት። ያን ዕለት የጨመረው በእርግጥም በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ስብ ግን አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለዚህ ልዩነት ነው።

ለመሆኑ በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ስብ መጨመር ይቻላልን? ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል የተከማቸበት ነው። አንዲት ሴት በቀን የሚያስፈልጋት ደግሞ፣ እንደ ሥራዋና እንደ ቁመናዋ ቢለያይም፣ ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። እንግዲህ ከትናንት እስከ ዛሬ አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር የዕለት ምግቧን ከበላች በኋላ፣ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ የሚበቃ ምግብ በዚያው ዕለት ደርባ መብላት ይኖርባታል። ይህን ያደረገች ሴት «ለምን ጨመርኩ?» ብላ አትደነቅም።

የጤነኛ ሰው ክብደት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነገር ነው። ሚዛን ስብን ብቻ ለይቶ አይመዝንም። በሆድ ያለውን ምግብ፣ ያልወጣውን ዓይነ ምድር፣ በፊኛ ያለውን ሽንት፣ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ፣ ነጠላውንና ጫማውን ሳይቀር አንድ ላይ ይመዝናል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ሁለት ብርጭቆ ውኃ የጠጣች እናት ወዲያውኑ ግማሽ ኪሎ ያህል «ወፈረች» ማለት ነው።

ውኃን በሰውነት ውስጥ ይዘው ከሚያቆዩት ነገሮች ዋነኛው ጨው ነው። ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ይጠማዋል፤ ይጠጣል፤ ኩላሊትም ትርፉን ጨው አጣርቶ እስኪያስወጣ ድረስ ውኃው አብሮ ይቆያል። በማግሥቱ ጠዋት ቀለበት የሚጠብቀውና የዓይን ሥር የሚያብጠው በዚህ የተነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበቃው ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። በወሎ ደግሞ ከወጡ ሌላ ቡናን በጨው የመጠጣት የቆየ ልማድ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ሦስቱንም በጨው ለሚጠጡ እናቶች ከሽሮውና ከአዋዜው በፊት ከጀበናው ላይ ቢጀምሩ ይሻላል እንላለን። ለክብደቱ ብቻ ሳይሆን ለደም ግፊትም ይበጃል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከድንች የምናገኘው ኃይል ሁሉ ወዲያውኑ አይቃጠልም። ከፊሉ ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ የዚህ ስንቅ መጠን በግማሽ ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀነስ ሰውነት በቅድሚያ የሚያወጣው ይህን ስንቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ወረደልኝ ብላ እልል ያለችው እናት በአብዛኛው ያወጣችው ውኃ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ቆመብኝ ብላ የምታለቅሰው ግን በዚያን ጊዜ ስቡ በዝግታ መቅለጥ ጀምሮ ይሆናል። ደስታውም ኀዘኑም ቦታቸውን ስተዋል ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት እንደ ደሴና እንደ ኮምቦልቻ የሚመች ሥፍራ የለም። በእነዚህ ከተሞች የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ጾም በየጎረቤቱ ይፈራረቃል፤ በዓሉም እንዲሁ። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ ያልቀመሰች እናት ከማፍጠሯ በፊት ብትመዘን አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሳ ታገኘዋለች፤ ተምሩን ቀምሳ፣ ሾርባውንና ውኃውን ከጠጣች በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት የተለየች እናትም በፋሲካ ማግሥት ሁለት ኪሎ ጨምራ ብታገኝ የሁለት ወር ድካሟ በአንድ ዶሮ ወጥ አልጠፋም። የጨመረው በአብዛኛው የበዓሉ ጨው፣ የሞላው የእንጀራ ስንቅና ገና በአንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ነው፤ ወደ ዘወትር አመጋገቧ ከተመለሰች በአራትና በአምስት ቀን አብዛኛው ይወርዳል። የሚያሰጋው ከፋሲካ ቀጥሎ ለጎረቤት አረፋ፣ ለዘመድ ሠርግ፣ ለማኅበር እየተባለ በዓሉ ወር ሙሉ ሲራዘም ነው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ፤ ጾም ሁሉ አያከሳም። ዘይት የጠገበ ሽሮ፣ አምባሻና በስኳር የጣፈጠ ሻይ የጾም ምግብ ቢሆኑም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው።

ሦስተኛው የሴቶች ብቻ ነው። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ብዙ ሴቶች ሰውነታቸው ውኃ ይይዛል፤ ጡት ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ የቀሚሱ ወገብ ይጠብባል፤ ሚዛኑም አንድና ሁለት ኪሎ ይጨምራል። አበባው ከመጣ በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ አንዲት ሴት ክብደቷን ካለፈው ሳምንት ጋር ብቻ ከምታነጻጽር፣ ባለፈው ወር በዚያው ሰሞን ከነበረው ጋር ብታነጻጽረው ትክክለኛውን ታያለች።

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ለሚሠሩ እህቶች ሌላም ይጨመርበታል። ሙሉ ፈረቃ ቆሞ መሥራት ውኃውን ወደ እግር ስለሚያወርደው ማታ ጫማ ይጠብባል፤ ሙቀቱም በላብ ያወጣዋል። ሌሊት የሠራች እህት ጠዋት ከፋብሪካ እንደ ወጣች ብትመዘን የሚነግራት የሌሊቱን ድካም ብቻ ነው። ለእርሷ ጠዋት ማለት ተኝታ የምትነሣበት ሰዓት መሆኑን ማወቅ አለባት። እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ የምግብ ፍላጎትን እንደሚጨምርም የታወቀ ነው።

«ደሴ ስመዘን አንድ፣ ኮምቦልቻ ስመዘን ሌላ» የሚሉም አሉ። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። የመሬት ስበት በዝቅተኛ ቦታ በመጠኑ ቢጠነክርም፣ 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ላይ የሚያመጣው ልዩነት ከ15 ግራም አይበልጥም፤ ይህም አንድ ሙዝ እንኳ አያህልም። ልዩነቱ የከፍታው ሳይሆን የሚዛኑ ነው። በየመንገዱ ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ሚዛን አስፋልት ላይ ጠመም ብሎ ሲቀመጥ አንድ፣ ሲቃና ሌላ ይናገራል። ልጆቹን ሳንቲም አትንፈጓቸው፤ ቁጥራቸውን ግን ከፋርማሲው ሚዛን ቁጥር ጋር አታወዳድሩ።

ሚዛን አጠቃቀሙ እንግዲህ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ሚዛን፣ አንድ ሰዓት፣ ይኸውም ከእንቅልፍ ተነሥቶ ሽንት ቤት ደርሶ ቁርስ ከመብላት በፊት፣ በቀላል ልብስ። ሚዛን በቤቷ ያላት በየቀኑ ተመዝና በልጆቿ ደብተር ጀርባ ትጻፈውና በሳምንቱ መጨረሻ ሰባቱን ቀን ደምራ ለሰባት ታካፍለው። እንበልና በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ዕለት 74.2 ኪሎ ነበረች። በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ 74.3 ሆና አገኘችው። ሁለቱን ቀን ብቻ ያየ ሰው አንድም ነገር አልተለወጠም ይላል። የሳምንቱ አማካይ ግን ከ74.5 ወደ 73.2 ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ቅዳሜ ዕለቱ የወር አበባ ሰሞን ወይም የለቅሶ ቤት እራት ማግሥት ነበረ እንጂ። በሦስት ሳምንት አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም መቀነስ ለጤና የሚስማማ ፍጥነት ነው። ሚዛን የሌላት በሳምንት አንድ ቀን ብትመዘን ይበቃታል፤ ያም ቢቸግር ወገብን በሜትር መለካት ወይም አንድ የታወቀ ቀሚስ መለካት ጥሩ ምስክር ነው።

ይህን ያህል በቁጥሩ ላይ የቆየነው አንዳንድ እህቶች ቁጥሩን በግድ ለማውረድ የሚያደርጉት ነገር ስለሚያሳስበን ነው። ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ የሽንት ክኒን፣ ምንነቱ በውል ያልተጻፈበት የማቅጠኛ ሻይ፣ በላብ ለማውጣት በላስቲክ መጠቅለል፤ እነዚህ ሁሉ በእርግጥ ሚዛኑን ያወርዱታል። የሚያወርዱት ግን ውኃውን ነው። ከውኃው ጋር ፖታሲየምና ሌላውም ማዕድን ስለሚወጣ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ስቡ በቦታው ተቀምጦ ልብ ሲጎዳ ማየት በገዛ ገንዘብ በሽታ መግዛት ነው። የምታጠባ እናትም ምግቧን በእጅጉ መቀነስ አይገባትም፤ ወተቱ የሚመጣው ከእርሷ ነው።

በአገራችን ስለ ክብደት መነጋገር ቀላል አለመሆኑንም እናውቃለን። ወሎ የ1965ቱንና የ1966ቱን፣ ቀጥሎም የ1977ቱን ረኃብ ያየ አገር ነው። «ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ?» የሚለው የጎረቤት ሰላምታ ከዚያ መከራ ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው፤ «ወፈርሽ» ደግሞ ምስጋና ነበር፣ አሁንም በብዙ ቤት ምስጋና ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው ከመቶ 3 ሲሆኑ፣ በ2008 ዓ.ም. 8 ደርሰዋል፤ በዚያው በ2008 ዓ.ም. ከመጠን በላይ የቀጠኑት ደግሞ ከመቶ 22 ነበሩ። በአንድ ግቢ ሁለቱም ችግር ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ቀንሺ ያላት እናት እማማ እገሌ «ከሳሽ» ቢሏት አትደንግጥ፤ ክብደቷ ልክ የሆነች ወጣትም ጓደኛዋ ስለ ቀነሰች ብቻ አትጀምር።

ሁሉም መዋዠቅ ግን የተለመደ ነው ማለታችን አይደለም። በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚጠቀሙ አንዳንድ ሴቶች ከወር ወር የሚጨምር እውነተኛ ክብደት ያመጣባቸዋል፤ አማካዩ ያለማቋረጥ ከወጣ መርፌውን በራስ ፈቃድ ከማቋረጥ ይልቅ ነርሷን ሌላ ዘዴ መጠየቅ ይሻላል። ሳይፈልጉት የሚቀንስ ክብደት፣ በተለይ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሳል፣ ከማታ ላብ ወይም ከብዙ ጥማትና ሽንት ጋር ሲሆን፣ የሳምባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይጠይቃል። በሁለትና በሦስት ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ ጨምሮ እግር ካበጠና ትንፋሽ ካጠረ ልብን ወይም ኩላሊትን የሚመለከት ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ደግሞ ክብደቷ በድንገት ጨምሮ ፊቷና እጇ ቢያብጥ፣ ከዚያም ጋር ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ቢመጣባት፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ክብደቷን የጻፈችበትን ደብተር ይዛ ብትሄድ ለመርማሪዋ ይጠቅማታል።