ንግሥት አሕሆቴፕ ቁጭ ብላ አልጠበቀችም

በቅርቡ ጥቂት ተማሪዎች ሆነን የግብፁ ደራሲ ነጂብ ማሕፉዝ በ1944 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ያሳተመውን «ኪፋሕ ጢባ» የተባለውን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ትርጕሙ አንብበን ተከራክረንበት ነበር። መጽሐፉ የቴብስ ነገሥታት ሂክሶስ የተባሉትን ባዕዳን ገዢዎች ከግብፅ እንዴት እንዳስወጡ ይተርካል። ንጉሥ ሰቀነንሬ በጦር ሜዳ ይወድቃል፤ ቤተ ሰቡ ወደ ኑብያ ይሰደዳል፤ አሮጊቷ ንግሥት ቴቲሸሪም በስደት አገር ሆና የልጆቿን ተስፋ ሳይጠፋ ታቆያለች። አብዛኞቻችን «የሴት ጽናት ማለት ይህ ነው!» ብለን አደነቅን። አንዲት እኅታችን ግን «ከመጠበቅና ከማበረታታት በቀር ምን ሠራች?» ብላ ብትጠይቀን መልስ አጣን።

ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ስደቱ የደራሲው ፈጠራ ነው፤ ከሰቀነንሬ በኋላ ካሞሴ የነገሠው በዚያው በቴብስ ነበር። የሰቀነንሬ የደረቀ ሬሳ በ1881 ከሌሎች ነገሥታት ሬሳ ጋር ተገኝቷል፤ የራስ ቅሉ በመጥረቢያ ተፈልጧል። ሚስቱ አሕሆቴፕ የቀበረችው ባል እንግዲህ ይህ ነው። ካሞሴም ብዙ ሳይቈይ ሞተ፤ መንግሥቱ ገና ሕፃን ለነበረው ለልጇ ለአሕሞሴ ደረሰ። አሕሞሴ ካደገ በኋላ በካርናክ ባቆመው የድንጋይ ጽሑፍ እናቱን የሚያመሰግናት ስለ ዕንባዋ አይደለም፤ ወታደሩን ስለ ተንከባከበች፣ የሸሸውን ስለ መለሰች፣ ላይኛውን ግብፅ ስላረጋጋች ነው። በ1859 በምዕራብ ቴብስ አሕሆቴፕ ከተባለች ንግሥት ሣጥን ጋር ጩቤ፣ መጥረቢያና ሦስት የወርቅ ዝንቦች ተገኝተዋል፤ ዝንቡ የጀግንነት ሽልማት ነበር ይባላል። (የሣጥኑ ባለቤት ይህችው ናት ወይስ ሞክሼዋ የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም።)

በደራሲው ላይ ግን ፈጥነን አንፍረድ። በ1944 የእንግሊዝ ጦር በግብፅ ነበረ፤ ሂክሶስ ማን እንደ ሆኑ አንባቢው ሳይነገረው ያውቃል። አሮጊቷ ንግሥት አገሪቱ ራሷ ነበረች፤ አገር ደግሞ ብዙ ዘመን ትጠብቃለች። ቅር ያለን ግን ይህን ምሳሌ ለሥጋ ለባሿ ሴት መለኪያ ማድረጋችን ነው። ዝም ብላ የቻለችውን «ጽኑ» እንላታለን፤ «ፈራሁ» ያለችውን ደካማ።

የኬጢያውያን ንጉሥ ሙርሲሊ ስለ አባቱ ዘመን ባስጻፈው ታሪክ ውስጥ አንዲት የግብፅ ንጉሥ መበለት አለች፤ ብዙ ሊቃውንት የቱታንክሐሙን ሚስት አንከሰናሙን ናት ይላሉ። ባሌ ሞተ፣ ወንድ ልጅ የለኝም፣ አገልጋዬን አላገባም፣ ከልጆችህ አንዱን ላክልኝ ብላ ለጠላት ንጉሥ ጻፈች፤ መፍራቷንም አልደበቀችም። ንጉሡ ቢጠራጠራት ተቈጥታ ዳግመኛ ጻፈች። የተላከው ልዑል በመንገድ ሞተ እንጂ ሐሳቧ የሕፃን ጨዋታ አልነበረም። ፍርሃቱም ቁጣውም ዕቅዱም በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ነበሩ፤ ይህን ልብ የሚያሳይ ልብ ወለድ ቢገኝ ሌሊቱን ሁሉ ባነበብን!

እኅታችን እስካሁን ሐሳቧን አልለወጠችም። ከታሪክ መምህሮቻችን አንዱ የካርናኩን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ቢመልሱልን በዚሁ ገጽ ለማውጣት ዝግጁ ነን።