አምስት ሜትር ለሥዕል ይበቃል

አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ሕንፃዎች መሐል ጠባብ ቦታ ሲገኝ ምን እንደሚሠራበት ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ፊቱ ሰማያዊ መስታወት ይለብሳል። ግራውንዱ በሁለት በሁለት ሜትር ተሸንሽኖ ሱቅ ይሆናል። ከላይ «የሚከራይ ቢሮ» የሚል ጨርቅ ይሰቀልና ፀሐይ እስኪበላው ድረስ እዚያው ውሎ ያድራል። ሱቅ አይከፈት አላልንም፤ ሰው ሸጦ ይደር። እኛ የምንለው ከዚህ ሁሉ ቀጫጭን ቦታ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ የሥዕል ጋለሪ ይሠራበት ነው።

ይህን ስንል የሚመጣልን መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ «ለጋለሪ እኮ ሰፊ ግቢ ያስፈልጋል!» እውነት ነው፣ ሰፊ ግቢ ሲገኝ ደስ ይላል። በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተውን ዞማ ሙዚየምን ያየ ሰው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃ ግድግዳና በአትክልት ምን እንደሠሩ ያውቃል። ግን መሐል ከተማ ላይ ያን ያህል ግቢ ማን ይሰጠናል? ሰፊው ቦታ እስኪገኝ እንጠብቅ ከተባለ፣ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚመረቁት ልጆች ሥራቸውን የት ይስቀሉ? ዕድል የቀናው የሆቴል መግቢያ ላይ ወይም ካፌ ውስጥ ይሰቅላል። ስሙን የማንጠራው አንድ ካፌ ውስጥ የጓደኛችን ሥዕል ከመስታወቱ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ሁለት በጋ አሳለፈ። ቀዩ ወደ ሮዝ ሄደ፣ ሰማያዊው አመድ መሰለ። ልትረከብ ስትሄድ ባለቤቱ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «የኔ ልጅ፣ አሁን ይበልጥ አምሮበታል!»

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 100 ካሬ ሜትር ቦታ አለን እንበል። ቅርፁ 10 በ10 ከሆነ የግድግዳው ዙሪያ 40 ሜትር ነው። ያው 100 ካሬ 5 በ20 ሆኖ ቢረዝምስ? ዙሪያው 50 ሜትር ይሆናል። ሥዕል የሚሰቀለው ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ነውና፣ ለሱቅና ለቢሮ «የተበላሸ» የሚባለው ቅርፅ ለሥዕል 10 ሜትር ትርፍ አመጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ ግራና ቀኙ ጎረቤት ስለሆነ መስኮት ማውጣት አይሆንም (ቢወጣም ጎረቤት ነገ ሲገነባ ይደፍነዋል)። ለቢሮ ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ለጋለሪ ግን መስኮት የሌለበት ሃያ ሃያ ሜትር ግድግዳ በሁለት ወገን ማግኘት ሎተሪ ነው።

ስፋቱስ? ሥዕል ለማየት ራቅ ማለት ያስፈልጋል። በልምድ የሚባለው ከሥዕሉ ማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን ርዝመት አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ መራቅ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ሥዕል ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 1 ሜትር ከ56 ይመጣል፤ ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ርቆ ማየት ይበቃል። ከአምስቱ ሜትር ላይ በግራም በቀኝም የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ቢቀነስ 4 ሜትር ከ60 ይተርፋል። የሚያየው ሰው ቆሞ ከኋላው ሌላ ሰው ያልፋል። ሦስት ሜትር ሸራ ይዞ የሚመጣ ሠዓሊስ? የእሱን መጨረሻው ግድግዳ ላይ እንስቀልለት። ከበሩ ጀምሮ ሃያ ሜትር የሚጠጋ ርቀት አለው፤ ብዙ አዳራሽ ይህን አይሰጠውም።

ደግሞም በጠባብ ቦታ ሥዕል ማየት ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ያውቀዋል። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን መሐል አራት ማዕዘን መቅደስ አለ፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል፤ ተመልካቹም በዙሪያው ባለው ጠባብ መተላለፊያ ይሄዳል። እንደልቡ ልራቅ ቢል ቦታ የለውም። ስለዚህ ቆሞ ሳይሆን እየሄደ ያያል፣ ታሪኩም በእግሩ ልክ እየተገለጠ ይሄዳል። ያንን የሠሩ አባቶች ቦታ ጠበበን ብለው ሥዕሉን አልተዉትም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ሁሉም በሰፊው አይደለም የሚኖሩት። ለንደን ውስጥ አርክቴክቱ ሰር ጆን ሶን በገዛ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1824 የሠራው የሥዕል ክፍል አለ። ክፍሉ አራት ሜትር በአራት ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የያዘው ሥዕል ግን ከመቶ በላይ ነው! ዘዴው ቀላል ነው። ግድግዳው እንደ ቁም ሳጥን በር በማጠፊያ ይከፈታል፣ ከኋላውም ሌላ ሥዕል ተሰቅሎ ይጠብቃል። ይህን የሚሠራ አናጢ አዲስ አበባ ውስጥ ይጠፋል ብለን አናምንም።

ከባዱ ነገር ብርሃን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በሙዚየሞች ዘንድ የተለመደው ልክ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ አካባቢ፣ ወረቀት ላይ ለተሠራ ሥዕል ደግሞ 50 ሉክስ ነው። የቀጥታ ፀሐይ ብርሃን 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አልትራቫዮሌቱ ይብሳል። እንግዲህ ያ ሰማያዊ መስታወት ለሥዕል ምጣድ ነው። የጓደኛችንን ሥዕል ሮዝ ያደረገውም ይኸው ነው።

ከፊት ካልገባ ከላይ ይግባ። አርክቴክቶች ከአውሮፓ መጻሕፍት የሚማሩት «የሰሜን ብርሃን» የሚባል ነገር አለ። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት የሚያስገባው ለስላሳ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የራቀችው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው! መጽሐፉን እንዳለ ገልብጦ የሠራ ሰው ግንቦት ላይ ፀሐይ ሥዕሉ ላይ ስትወድቅ ያገኛታል።

ታዲያ የሰሜን ብርሃን ለእኛ አይሆንም? ይሆናል፣ ልኩ ይስተካከል እንጂ። በእነዚያ ወራት የቀትር ፀሐይ ከ75 ዲግሪ በታች አትወርድም፤ አናታችን ላይ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ለዞረ ቁመቱ 1 ሜትር ለሆነ መስታወት ጣሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ቢልለት ይበቃዋል። ወደ ደቡብ ቢዞር ኖሮ በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ 58 ዲግሪ ስለምትወርድ ከእጥፍ በላይ ጥላ ይፈልግ ነበር። የጠዋቷንና የማታዋን ፀሐይ ማን ይመልሳታል? ቦታው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚረዝም ከሆነ ጎረቤቶቻችን! ግራና ቀኝ የቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች ሳይከፈላቸው ጥላ ይሠሩልናል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለሚረዝም ቦታ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ቦታ መራጩ ኮምፓስ ይያዝ።

ሁለተኛው ጠላት ክረምት ነው። ጣሪያው ላይ ጠፍጣፋ መስታወት ያስገጠመ ሰው ሐምሌ ላይ ባልዲ ይዞ ሲሯሯጥ አይተናል። ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ ውኃውን ወደ ጎረቤት ማፍሰስ ስለማይቻል አሸንዳው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ፣ ልክ ከሥዕሎቹ አናት በላይ ይቀበራል። ቅጠልና በረዶ ሲደፍነው የሚሆነውን ለእናንተ እንተወው። ለእኛ የሚታየን ጣሪያው እንደ ደረጃ ቢሆን ነው። መንገዱ በሰሜን በኩል ቢሆንልን፣ ጣሪያው ከጀርባ ከፍ ብሎ ይጀምርና በሦስት ዕርከን ወደ መንገዱ ዝቅ ዝቅ ይላል (ዝቅተኛው ዕርከንም ከ4 ሜትር አይወርድም)። የላይኛው ውኃውን ለታችኛው ያቀብላል፤ አሸንዳው አንድ ብቻ፣ ከሕንፃው ውጭ፣ በመንገዱ በኩል ይሆናል። በዕርከኖቹ መሐል በሚፈጠረው ቀጥ ያለ ክፍተት ላይ መስታወቱ ይገጠማል። ብርሃኑ ከገቢው ሰው ጀርባ፣ ከአናቱ በላይ ይገባና መጨረሻው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ዓይን አይወጋም። መብራት ሲጠፋም (መጥፋቱ መቼም አይቀርም) ቀን ቀን ኤግዚቢሽኑ አይዘጋም። ቆርቆሮ ከሆነ ግን ከሥሩ ወፍራም ኮርኒስ ይግባለት፤ በረዶ ሲወርድ ሠዓሊውም ተመልካቹም መደማመጥ አለባቸው።

«ፎቅ ካልሆነ አያዋጣም» የሚሉን አሉ። እሺ፣ ፎቅ ይሁን። ከወለል እስከ ወለል 4 ሜትር ቢሆን 24 ያህል መርገጫ ያስፈልጋል። ቀጥ ብሎ ከወጣ ከስድስት ሜትር በላይ ግድግዳ ይበላል። ሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ ይኑረው ይላል፤ ፎቁ ላይ ላለው ኤግዚቢሽን ደግሞ ሊፍት ሊገባ ነው። ሁለት ሜትር ሸራ በዚያ ደረጃ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ይንገረን። ከ4 ሜትር ከ60 ላይ ይህ ሁሉ ሲነሳ የሚቀረው ኮሪደር ነው።

ይህ የእኛ ሥጋት ብቻ አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ 12 ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቦታ ላይ ቶድ ዊሊያምስና ቢሊ ሲን የነደፉት የአሜሪካ ሕዝባዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2001 ተከፈተ። ፊቱ የነሐስ ቅይጥ የለበሰ፣ በሽልማት የታጀበ ሕንፃ ነበር። ደረጃዎቹ ግን ቦታውን ተሻሙት የሚሉ ተቺዎች አልጠፉም። ሙዚየሙ ገንዘብ አጥሮት በ2011 ሕንፃውን ለጎረቤቱ ለዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሸጠ። ጎረቤቱም ወለሉ ከወለሌ አይገጥምም፣ ፊቱም ወደ ውስጥ አያሳይም ብሎ በ2014 አፈረሰው። 13 ዓመት እንኳ አልሞላውም! ቆንጆ መሆን ብቻውን ጠባብ ሕንፃን አያድነውም። ይህን እኛም በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ፊታቸው ጠባብ፣ ሆዳቸው ረጅም የነበሩት ቤቶች ሲፈርሱ አይተነዋል።

ስለዚህ አንድ ወለል። ደረጃ የለም፣ ሊፍት የለም፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከኋላ ሦስት ሜትር ያህል ተከልሎ የሥዕል ማስቀመጫና መፀዳጃ ይሁን፤ ያኔም ከበሩ እስከ ትልቁ ሥዕል ከ16 ሜትር በላይ ይቀራል። ቡና ይሽጥ ካላችሁ ይሽጥ፣ ግን አንድ ባንኮኒ በሩ አካባቢ ብቻ፤ ባንኮኒው ወደ ውስጥ መግፋት የጀመረ ዕለት ጋለሪው ማኪያቶ ቤት ሆኗል። ከተማ አስተዳደሩን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መንገድ ሲሰፋ ለሕንፃ አይሆኑም ተብለው ከሚተርፉት ቀጫጭን ቦታዎች አንዱን ለሠዓሊዎች በሊዝ ቅናሽ ይስጥ። ከሰጠ በኋላም ፎቅ ጨምሩ ብሎ አያስገድድ።

የቀረው በሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኛን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን እሱ ነው። ብዙ ሰው ጋለሪ የፈረንጅና የባለገንዘብ ይመስለዋል፤ ደረጃና ጨለማ መስታወት ሲያይ ደግሞ ነገሩ ይረጋገጥለታል። የእኛው በር ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ወለሉ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ይሁን፤ ጋሪ የሚገፋም፣ ክራንች የያዘም፣ ሸራ የተሸከመም ይግባበት። ቀን ሙሉ ክፍት ይሁን። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሰልፉ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ድረስ ይየው፤ ሥዕሉም በየወሩ ይቀየርለት። የጥበቃው ወንበር ደግሞ በሩ ላይ አይቀመጥ። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በግራ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ይሁን፤ ቦርሳ የሚፈትሽ ከሆነም ፈገግ ብሎ ይፈትሽ።