የማይታየው ቧንቧ፦ ከጀልባ መጸዳጃ እስከ ባንኮ ጎቲቲ

ያገለገለ ባለ ሸራ ጀልባ የሚገዙ ሰዎች አዘውትረው ከሚያማርሯቸው ነገሮች አንዱ የመጸዳጃው ሽታ ነው። ሳህኑን ያጥባሉ፣ ወለሉን ይፈትጋሉ፤ ሽታው ግን ተመልሶ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ምንጩ ከሳህኑ ወደ ማጠራቀሚያው የሚወስደው ያረጀ ጎማ ነውና። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሙቅ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በጎማው ላይ ይጠቀለላል፤ ሲበርድ ጨርቁ ከሸተተ ጎማው ጋዝ እያሳለፈ ነው። መፍትሔውም መለወጥ ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ባሕር በሌላት ሀገር ስለ ጀልባ መጸዳጃ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ጎማውን የሚጎዳው ኬሚስትሪ የየብሱንም ቧንቧ ይጎዳልና። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ዩሪየስ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። አሞኒያው የፈሳሹን አልካሊነት ከፍ ሲያደርገው ማግኒዥየምና ካልሲየም ከፎስፌት ጋር ተዋሕደው ድንጋይ መሰል ንጣፍ ይሠራሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ስትሩቫይት ይባላል። ንጣፉ ከዓመት ወደ ዓመት እየወፈረ የቧንቧውን ጉሮሮ ያጠብባል።

ይህ ጉዳት የሚብሰው ፈሳሽ ተኝቶ ሲቆይ ነው። ጀልባ ለጥቂት ወራት አገልግሎ ቀሪውን ጊዜ ታስሮ ይቆማል። በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የምትገኘው፣ በታጠበ ቡናዋ ስሟ ከባሕር ማዶ የተሰማው ባንኮ ጎቲቲም ተመሳሳይ የሥራ ዘመን አላት። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በመኸር ወራት በሠራተኞች ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ ጭር ይላሉ። ትምህርት ቤቶችም በክረምት ይዘጋሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ባለ ውኃ መጸዳጃ ሲተከል፣ ተዳፋቱን ባልጠበቀ ቧንቧ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ይደነድናል፤ ሽታውን የሚገድበው የቧንቧው እጥፋት ላይ ያለ ውኃም ተንኖ ያልቃል።

ጉዳዩ የሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንበት። የጌዴኦ ምድር ተዳፋት የበዛበት፣ ሕዝቡም ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት ነው። ከላይ ከተሰነጠቀ መገጣጠሚያ የሚያፈስስ ፍሳሽ ከታች ወዳለው ምንጭ ሊወርድ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከተፈናቀሉት ወገኖች መካከል ብዙ ሰዎች በ2011 ዓ.ም. በጎቲቲ ተጠልለው እንደነበር ይታወሳል። ሕዝብ በድንገት ሲጨምር አንድ መጸዳጃ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚያ በላይ አስረጂ አያስፈልግም።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ስሕተት ሳህኑን አሳምሮ ለውጦ አሮጌውን ቧንቧ በቦታው መተው ነው። አዲስ ሳህን በጠበበ ቧንቧ ላይ ሲገጠም፣ በተለይም ከቀድሞው ያነሰ ውኃ የሚጠቀም ከሆነ፣ መደፈኑን ያፋጥነዋል እንጂ አያስቀረውም። እድሳት ሲታሰብ በቅድሚያ ቧንቧው ይፈተሽ። ሲለወጥም በአንድ ሜትር ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይዘርጋ፤ የአየር ማስወጫ ቧንቧ አይረሳ። የስፌር መመሪያ እንደሚመክረው የፍሳሽ ጉድጓዱ ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ የጉድጓዱም ወለል ከከርሰ ምድር ውኃው በላይ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይሁን። ጉድጓዱ ከምንጩ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ንጣፉ ገና ቀጭን ከሆነ ኮምጣጤ አሳድሮ ማጠብ ሊያሟሟው ይችላል። ነገር ግን ኮምጣጤንም ሆነ ሌላ አሲድን ከበረኪና ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ወቅቱ አልቆ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊትም ቧንቧውን በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ከወጪ ያድናል።

መጸዳጃ ሲመረቅ ሪባን የሚቆረጠው ከበሩ ላይ ነው፤ ዕድሜው የሚወሰነው ግን ከመሬት በታች ነው። ስለዚህ መጸዳጃ የሚያስገነቡ ወገኖች ሁሉ ለቧንቧ መፈተሻና መለወጫ የሚሆን ገንዘብ ከግንባታው በጀት ጋር አብረው እንዲይዙ፣ የሳይንስ ትምህርት ክፍሎችም ይህን ዕውቀት ለአካባቢው የቧንቧ ሠራተኞች እንዲያካፍሉ እናሳስባለን።