ሳይቃጠል በቅጠል፦ ባዮስ ከመንካት በፊት

አንድ ሰው ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ230 ገዛ እንበል። ሞዴሉ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ቢሆንም ዛሬም ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል። ዋይፋዩ ስለዘገየበት የተሻለ ካርድ ገዝቶ ገጠመ። ሲያበራው ግን ስክሪኑ ላይ 1802 የሚል የስህተት ቁጥር መጣ፦ ያልተፈቀደ የኔትወርክ ካርድ ተገጥሟል፣ አጥፍተህ አውጣው።

ካርዱ አልተበላሸም። ላፕቶፑም ደህና ነው። የከለከለው ባዮሱ ውስጥ የተቀመጠው የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር ነው።

አምራቾች ምክንያት አላቸው፤ ሞገድ የሚያሰራጭ ካርድ ፈቃድ የሚያገኘው ከነላፕቶፑ አንቴና ተፈትሾ ነው ይላሉ። ምክንያቱ ባዶ አይደለም። ሆኖም ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው በገዛ ዕቃው ላይ የሚገጥመውን ካርድ ሌላ ሊመርጥለት አይገባም። አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ለብዙዎች ከአቅም በላይ በሆነባት ኢትዮጵያ ደግሞ የአሮጌውን ዕድሜ ማራዘም ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ ባዮሱን መቀየር የባለቤቱ መብት ነው። ጥፋቱ ያለው ቅጂ ሳይያዝ መቀየሩ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሌላ ማሽን ባዮስ ከኢንተርኔት አውርዶ ይጭናል። ቺፑ ውስጥ ግን የማሽኑ የራሱ የሆነ ነገር አለ፦ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ሴሪያል ቁጥሩ ወይም የኬብል ኔትወርኩ መለያ አድራሻ፣ ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለው ተጭኖባቸው በወጡ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የዊንዶውሱ ቁልፍ። የሰው ፋይል ሲጫንበት ይህ ሁሉ ይጠፋል። ላፕቶፑ በሌላ ማሽን ስም ይነሳል፤ ወይም ጭራሽ አይነሳም። ከአምራቹ የሚወርደው ማሻሻያም ይህን አይመልስም፤ የዚያን ማሽን መለያ አልያዘምና።

ቅጂ መያዝ ከባድ አይደለም። ቻርጀሩም ባትሪውም ይነቀላል፤ ቺፑ በክሊፕ ተይዞ እንደ ሲኤች341ኤ ባለ ርካሽ ፕሮግራመር ይነበባል። ዋናው ነገር ሁለት ጊዜ አንብቦ ፋይሎቹን ማመሳከር ነው። ከተለያዩ ክሊፑ በደንብ አልያዘም ማለት ነው፤ ያኔ መጻፍ ክልክል ነው። ኤክስ230 ሁለት ቺፕ አለው፣ 8 እና 4 ሜጋባይት፤ አንዱን ብቻ የቀዳ ግማሹን ነው የያዘው። ቮልቴጁንም ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ አዳዲስ ቺፖች የሚሠሩት በ1.8 ቮልት ነውና 3.3 ቮልት ያቃጥላቸዋል። ቅጂው ደግሞ ከላፕቶፑ ውጭ፣ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ።

ጥገና ቤቶችም ይህን ልማድ ማድረግ አለባቸው። ባዮስ የሚነካ ባለሙያ መጀመሪያ ይቅዳ፣ ቅጂውንም ለባለቤቱ ያስረክብ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ደንበኛውም ላፕቶፑን ከመስጠቱ በፊት «ቅጂ ትይዛለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አያስፈልግም» ከሆነ፣ ላፕቶፑን ይዞ ሌላ ቤት ይሂድ።