«ሁለት ቢራ ምን አላት?»

ወደ ቆቦ ስንጓዝ ሾፌራችን ወልዲያ ላይ ከምሳው ጋር ሁለት ቢራ ጠጣ። ሁላችንም አየን፤ እኔም አየሁ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ጎብዬንና ሮቢትን ስናልፍ መኪናው መክነፍ ጀመረ። የራያ ቆላ መንገድ ሜዳ ነው፤ ለፍጥነት ይጋብዛል። ግን ከብትና ግመል ይሻገረዋል፤ ጋሪ ያዘግምበታል፤ ባጃጅ ሳይታሰብ ይገባበታል።

ደህና ገባን። ባንገባስ?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መልስ አለው። በተራ ቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል። በመጠጥ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ከገደለ ግን ቅጣቱ ከ5 ዓመት ይጀምራል፤ ያውም ጽኑ እስራት፣ መቀጮ ተደርቦበት። ሲፈታስ መሪ የሚሰጠው ባለንብረት ማን ነው?

በራያ ዘወልድ አለ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ፤ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም እርቁ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይጋደል እንጂ ምስክር ከችሎት እንዲቀር መሆን የለበትም። ሰው መግደል በግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰስ ወንጀል አይደለም፤ ቤተሰብ ይቅር ቢልም ክሱ አይቀርም።

ሕጉም ሽማግሌውም የሚደርሱት ግን ከሞት በኋላ ነው። ከሞት በፊት መኪናው ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ያን ቀን ዝም በማለቴ አፍራለሁ። ከእንግዲህ «ወንድሜ፣ ጠጥተሃል፤ ከአንተ ጋር አልሄድም» ብዬ ዕቃዬን ይዤ እወርዳለሁ። እናንተስ?