ስለ ሁለቱ የመቅደላ ሕፃናት ነገር

ሰው የሚነሣውም የሚወድቀውም በገዛ ትጋቱ ብቻ ነው እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች በዝተዋል። የከበረውን በብልኀቱ ከበረ፥ የደኸየውን በስንፍናው ደኸየ ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ሁሉን በግንባር ጽሕፈት ያሳብባሉ፤ ይህ ግን ከክርክር መሸሽ ስለ ሆነ መልስ አያሻውም። ለፊተኞቹ ከመቅደላ አምባ የወረዱ የሁለት ሕፃናት ታሪክ ይበቃቸዋል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞተው አምባው በእንግሊዝ ጦር በተያዘ ጊዜ፥ ልጃቸው ዓለማየሁ 7 ዓመት ገደማ ነበረ። እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅም ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ። በዚያው አምባ 3 ዓመት ያህል የሆነው ወርቅነህ እሸቴ የሚባል የጎንደር ልጅ ከዘመዶቹ ተለይቶ ተገኘ። ሁለቱንም ከአገራቸው ያወጣቸው አንድ ጦር ነው።

ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ንግሥት ቪክቶሪያ በርኅራኄ ተመለከቱት፤ መብልም ልብስም አልጐደለበትም። ልቡ የተጠጋው ግን አማርኛ ወደሚያውቀው ወደ ካፒቴን ስፒዲ ነበረ። ከእርሱ ጋር በህንድ ተቀምጦ ሳለ፥ መንግሥቱ በእንግሊዝ አገር ይማር ብሎ ከዚያ ሰው ነጠለው። አባት፥ እናት፥ ኋላም እንደ አባት የሆነለት ሰው፥ ሁሉም በጥቂት ዓመት ውስጥ ከእጁ ወጡ። በራግቢ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ትምህርቱ ግን አልሆነለትም። በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜውም 18 ዓመት ነበረ።

እንግዲህ እነዚያ ተከራካሪዎች ይናገሩ! ይህን ብላቴና ሰነፍ ተማሪ የሚለው ሰው፥ ልጅ በለቅሶ መካከል ሆኖ እንዴት መጽሐፍ እንደሚያጠና አስቀድሞ ያስረዳ። በዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት በቆመለት የናስ ሰሌዳ ላይ፥ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳ ስለ መቀበል የተነገረው ቃል ተጽፏል። ሰሙ ርኅራኄ ነው። ወርቁን ግን ትናንት ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ እንኳ ያገኘዋል፤ ሕፃኑን አስቀድሞ እንግዳ ያደረገው ማን ሆነና ነው? የኢትዮጵያ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ዐፅሙ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአጠገቡ የተቀበሩትን ብዙዎች ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ሲል እምቢ አለ። በሕይወቱ ሳለ ማደሪያውን ሌሎች ወሰኑለት፤ ከሞተም በኋላ እንዲሁ ነው።

ተከራካሪዎቹ፥ ወርቅነህስ ከዚያው አምባ ወርዶ በትጋቱ ሐኪም ሆኖ የለምን? ይሉ ይሆናል። ትጋቱን የሚክድ የለም። በህንድ አገር በአምሪትሳር ተማረ፥ በላሆር ሕክምናን አጠና፥ በስኮትላንድም ትምህርቱን ጨመረ፥ በበርማ በሐኪምነት አገለገለ። ነገር ግን የወሰደው መኰንን በሞተ ጊዜ ሌላ መኰንን ባይረዳው ይህ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር? ደግሞም የንጉሥ ልጅ አልነበረምና ማንም ለትርኢት አላቆመውም፤ ሥራ ሰጡት እንጂ። በዋሸራ የተቀኘ ደቀ መዝሙርም በጎንጅ ወይም በዋድላ ከተማረው በቅኔው አካሄድ ይለያል፤ እርሱ ግን አካሄዱን ከገዛ አእምሮው ያፈለቀው ይመስለዋል።

ሐኪም ወርቅነህ ከ1888ቱ የዐድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው በመጡ ጊዜ አማርኛ አያውቁም ነበር። አያታቸው ግን በገላቸው ላይ በቀረው ጠባሳ የልጃቸው ልጅ መሆናቸውን ዐወቁ። የሕክምና ሊቅ የሆነ ሰው ስሙንና ዘመዱን ያገኘው፥ ያን ጠባሳ ሠላሳ ዓመት ባልረሱ በአንዲት ባልቴት ልብ ነው። ከዚያ በኋላ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት ሠሩ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሪቱን በወረረ ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው፥ በልጅነታቸው ከአገር ባወጣቸው መንግሥት ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። እንግሊዝኛቸውን የሰጣቸው የመቅደላ ዘመቻ ነው፤ ወገናቸውን የሰጧቸው አያታቸው ናቸው። ከዚህ ውስጥ የብቻቸው የሆነው የትኛው እንደ ሆነ፥ ተከራካሪዎቹ ለይተው ያሳዩ።